የእርግዝና ክትትል ቀጠሮ በስልክ ድምፅ ይታወስ፦ ለጤና ሚኒስቴር የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ለኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ጤና ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

በ2011 ዓ.ም. የተካሄደው አነስተኛው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳመለከተው፣ ከመቶ ወላድ እናቶች 74ቱ ቢያንስ አንድ ጊዜ በሠለጠነ ባለሙያ የእርግዝና ክትትል አድርገዋል፤ አራት ጊዜና ከዚያ በላይ የተከታተሉት ግን 43ቱ፣ ክትትሉን በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የጀመሩት ደግሞ 28ቱ ብቻ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ አገራችን የዓለም ጤና ድርጅትን ምክር ተቀብላ ክትትሉን ወደ ስምንት ከፍ አድርጋለች። አዋላጅ ነርስ እንደመሆኔ ለውጡን እደግፋለሁ፤ የደም ግፊት ብዙ ጊዜ ምንም ሳያሳምም ስለሚጨምር ሳይለኩ ማወቅ አይቻልም። ሆኖም አራቱን ላላዳረሰች እናት ስምንት ስናዝዝ፣ የቀጠሮዋን ቀን ካርድ ላይ ጽፎ መስጠት ብቻውን አይበቃም።

በስልክ ማስታወስ እንደሚረዳ የዛንዚባር ተሞክሮ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2014 ውጤቱ በታተመው ጥናት፣ የጽሑፍ መልእክትና የመደወያ ሒሳብ ከተሰጣቸው ነፍሰ ጡሮች 44 በመቶው አራትና ከዚያ በላይ ክትትል ሲያደርጉ፣ ካልተሰጣቸው ግን 31 በመቶው ብቻ ነበሩ። ይሁን እንጂ በሠለጠነ ባለሙያ እጅ በመውለድ ረገድ የታየው መሻሻል ለከተሜዎቹ እንጂ ለገጠሮቹ አልደረሰም። አብዛኞቹ እናቶች ገጠር ለሚኖሩባት አገራችን ይህ ቀላል ማስጠንቀቂያ አይደለም። ማንበብ ለማትችል ሴት የጽሑፍ መልእክት፣ ቴሌ ዘወትር ከሚልክልን የጥቅል ማስታወቂያ የሚለይበት ነገር የለም።

ስለዚህ ማስታወሻው በድምፅና እናቲቱ በምትናገረው ቋንቋ እንዲሆን እጠይቃለሁ። በ2006 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የገበሬዎች የነፃ ጥሪ መስመር 8028 ምክሩን በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በትግርኛ በተቀረጸ ድምፅ ሲያሰማ ቆይቷል፤ ስለ ማዳበሪያ የተቻለው ስለ እርግዝና የማይቻልበት ምክንያት አይታየኝም።

ከሁሉ የሚከብደው የምስጢር ጉዳይ ነው። በብዙ ቤት ስልኩ የባል ወይም የልጅ ነው፤ ብዙ ሴት ደግሞ ሆዷ ሳይገፋ ማርገዟን ለማንም መናገር አትወድም፤ በእኔ ግምት በጊዜ የሚጀምሩት እናቶች ቁጥር ያነሰውም በከፊል በዚህ ነው። በመሆኑም ምዝገባው በራሷ ፈቃድ፣ ጥሪው የሚደርስበትን ስልክና ሰዓት እሷው መርጣ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ቤት ለቤት ስትዞር ቢከናወን ይበጃል፤ ጤና ጣቢያ እስክትመጣ ከጠበቅን የመጀመሪያው ቀጠሮ ያልፋል። የምርመራ ውጤት፣ በተለይ የኤችአይቪ፣ በምንም መንገድ በስልክ ሊላክ አይገባም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ስለወጣ ቴሌኮም ድርጅቶች የእናቶቹን ቁጥር ለሌላ ዓላማ እንዳያውሉ በውል ማሰር ይቻላል።

በስልክ ጠርተናት ስትመጣ አይረን (ለደም ማነስ የሚሰጠው እንክብል) አልቋል ብለን የምንመልሳት እናት ሁለተኛውን ጥሪ እንደማትሰማ አውቃለሁ፤ አገልግሎቱ የሚጀመርባቸው ወረዳዎች አስቀድመው የመድኃኒት አቅርቦታቸው ይታይ። ቀጠሮውም በአካባቢው የገበያ ቀን ላይ ቢውል መልካም ነው፤ በዚያ ቀን መንገዱን ለማንኛውም ትጓዘዋለችና። ጥሪው ሁለት ቀን ቀድሞ ቢደርሳት ለልጆቿ ጠባቂ ለመፈለግ ጊዜ ታገኛለች።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት የጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ