«ባንዳ» የሚለው ቃል ማዕዳችን ላይ ደርሷል

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ባለፈው ሳምንት በአስተያየት ገጻችሁ ላይ አንድ ጸሐፊ በሐሳብ የማይስማሟቸውን ሰዎች በጅምላ «ባንዳ» ሲሉ አነበብኩ። ርዕሳቸው ግብር ነው። ስለ ግብሩ ያነሱት ነጥብ ደህና ነበር። ባንዳው ግን ምን አመጣው?

ባንዳ እንዲሁ ስድብ አይደለም። ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 አገራችንን በያዘበት ጊዜ ከአገሬው ሰው መልምሎ ያስታጠቃቸውን ባንዳ ይላቸው ነበር፣ ቃሉም የጣሊያን ነው። የአርበኛውን መደበቂያ የሚጠቁም፣ ለጠላት ጦር መንገድ የሚመራ ማለት ነበር። ሰው ያለቀበት ነገር ነው። በግብር ጉዳይ ከኔ የተለየ ሐሳብ ያለውን ሰው በዚህ ስም ስጠራው እነዚያን ባንዶች ማቅለሌ ነው፣ በነሱ ጥቆማ የሞቱትንም መናቄ ነው።

እኛ ቤት የሆነውን ልንገራችሁ። ለፋሲካ አክስቴ ቤት ተሰብስበናል። ዶሮው ተበልቶ ቡናው ቶና ላይ ደርሷል። የአክስቴ ልጅ ሹፌር ነው፣ ከሐምሌ 2016 ወዲህ፣ የውጭ ምንዛሪው በገበያ ይተመን ከተባለ በኋላ ማለት ነው፣ የጎማና የመለዋወጫ ዋጋ እንዴት እንደናረ እያወራ ነበር። ማንንም አልሰደበም። የአጎቴ ልጅ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ «አንተ ድሮም ባንዳ ነህ» አለው። ቤቱ ጭጭ አለ። አክስቴ ጀበናውን እንደያዙ ቀሩ። የሁለቱም አያት አርበኛ ነበሩ እኮ! ፎቷቸው ከነሜዳሊያቸው ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፣ ልጁ ይህን የተናገረው እዚያው ፎቶ ሥር ሆኖ ነው። ከዚያ ወዲህ አይነጋገሩም። ለቅሶ ላይ እንኳ አንዱ ሲገባ ሌላው ድንኳኑን ለቆ ይወጣል።

ልጁ ክፉ ልጅ አይደለም፣ አሳድገነዋል፣ እናውቀዋለን። ቃሉን ያገኘው ከስልኩ ነው። ስልኩ ላይ ደግሞ ባለሥልጣኑም አክቲቪስቱም ጋዜጣውም አለ።

ነገሩ ዛሬ አልተጀመረም። በደርግ ጊዜ «አድኃሪ»፣ «አናርኪስት» ይባል ነበር፣ ያ ስም የተለጠፈበት ልጅ ማታ ከቤቱ ተወስዶ ጠዋት ሬሳው መንገድ ላይ ይገኝ ነበር። ኢሕአዴግ «ጠባብ»፣ «ትምክህተኛ»፣ «ኪራይ ሰብሳቢ» አለ። ቀጥሎ «የቀን ጅብ» መጣ። በ2013 ጦርነቱ ሲጀመር ደግሞ «ጁንታ»። ጁንታ ሥልጣን የያዘ የወታደሮች ቡድን ነው፣ እኛ ሰፈር ግን ጉሊት የምትቸረችር እናት ሳትቀር በዚህ ስም ስትጠራ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሽንኩርት ነው የምትሸጠው።

የኛ ቤት ሰው ፖለቲካ ማውራት ይወዳል፣ ሲጨቃጨቅ ነው ያደገው። «ተሳስተሃል» የተባለ ሰው መልስ አለው፣ ይከራከራል፣ ሌላው ቢቀር ይቆጣል። ባንዳ የተባለ ሰው ምን ይበል? አይደለሁም ብሎ ይማል? ስለ ጎማ ዋጋ የጀመረው ወሬ እዚያው ሞተ፣ ጎማው ግን አሁንም ውድ ነው።

የጥላቻ ንግግርን የሚከለክል አዋጅ አለ፣ ቁጥር 1185/2012፣ ትሉኝ ይሆናል። አዋጅ የዘመድ ጨዋታ መሐል አይገባም። የእናንተ ጽሑፍ ግን ይገባል። ስለዚህ ባለሥልጣን እንዲህ ያለ ቃል ሲናገር በትምህርተ ጥቅስ አስገቡትና ማን እንዳለው ጻፉ። የራሳችሁ ዘጋቢ ሰውን በስሙ፣ ድርጅትንም በስሙ ይጥራ። አስተያየት ጸሐፊ ደግሞ «ባንዳ» ብሎ ሲልክላችሁ ማንን እንደሆነና ምን ስለሠራ እንደሆነ ጠይቁት፣ መልስ ከሌለው ቃሉን አውጡት።

አንባቢያችሁ
ከአዲስ አበባ