ለቆሙት ውኃ፣ ለደረቁት ምትክ፦ የድጋፍ ጥሪ

የተከበራችሁ የሰፈራችን ነዋሪዎች፣

በመንገዱ ግራና ቀኝ ከተተከሉት 120 ችግኞች 47ቱ በበጋው ደርቀዋል። ይህ ሦስተኛው ጥሪያችን ነው፤ ደጋግሞ እጅ መዘርጋት እንደሚከብደን አንሸሽግም። ይሁን እንጂ 73ቱ ቆመዋል፤ ያቆማቸውም የእናንተው መዋጮ ነው።

«ገንዘቡ ለምን በቁፋሮ አለቀ?» ላላችሁን መልሳችን ይኸው። ከአስፋልት ጎን ያለ አፈር ተጠቅጥቆ የጠነከረ ስለሆነ አየርም ውኃም አያሳልፍም። ጠባብ ጉድጓድ ውስጥ የገባ ችግኝ ማሰሮ ውስጥ እንደ ተተከለ ነው። ስለዚህ ጥልቀቱን 60 ሳንቲ ሜትር፣ ስፋቱን 1 ሜትር አድርገን አስቆፈርን። ከጸደቁት አብዛኞቹ በእነዚህ ሰፋፊ ጉድጓዶች የተተከሉት ናቸው። የደረቁት ገንዘቡ ሲያልቅ በጥድፊያ የተተከሉት ናቸው፤ ነቅለን ስናያቸው ስራቸው ችግኙ ያደገበትን የላስቲኩን ቅርጽ እንደያዘ ተጠምዝዞ ቀርቷል፤ አንድም ወደ ጎን አልዘረጋም። በዚህ ዙር ላስቲኩ ሙሉ በሙሉ ይወልቃል፤ የተጠመዘዘው ስር ጎኑ በስለት ይከረከማል፤ የስሩ አንገት (ግንዱና ስሩ የሚገናኙበት ቦታ) ከመሬቱ እኩል ይሆናል። አፈሩን ከላይ የሚያለብሰው የሣርና የደረቅ ቅጠል ጉዝጓዝ ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ይወፍራል፤ ግንዱን ግን መንካት የለበትም፤ ከነካው ቅርፊቱ ይበሰብሳል።

ትልቁ ወጪ ውኃ ነው። ለአንድ ችግኝ በሳምንት ሁለት ጊዜ 20 ሊትር፤ ምትኮቹ ሲጨመሩ ለ120ው በሳምንት 4,800 ሊትር፣ ያውም ቢያንስ ለሁለት በጋ። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት መርጨት አይበጅም፤ ስሩን ከላይ ያስቀረዋል።

አስፋልቱ ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ይተፋዋል፤ አረጋውያንና ሕፃናት እንቅልፍ የሚያጡትም ለዚህ ነው። ጥላ ያረፈበት ወለል በቀትር ፀሐይ ከሚመታው ከ11 እስከ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊቀዘቅዝ ይችላል። ቅጠሉም ውኃ ሲያተን አየሩን ያበርዳል፤ የተጠማ ዛፍ ግን የቅጠሉን ቀዳዳዎች ይዘጋል፤ ማብረዱም ያኔ ይቆማል። በውኃ ነገር የምንጨቀጭቃችሁ ለዚህ ነው። ለማያውቁት መንገደኛ ጥላ ማቆየት ጽድቅም ነው፣ የዜግነት ግዴታም ነው።

መዋጮ የሚገባው በኮሚቴው የጋራ ሒሳብ ብቻ ነው፤ ያለ ሦስት ፊርማ አንድ ሳንቲም አይወጣም። ቁጥሩ ከዚህ በፊት በተቀበላችሁት ደረሰኝ ላይ አለ፤ ደረሰኝ የሌላችሁ ገንዘብ ያዡን ጠይቁ። ምክንያት በሚለው ቦታ «ውኃ» ወይም «ቁፋሮ» ብላችሁ ጻፉ። ለማንም፣ ለኮሚቴ አባልም ቢሆን፣ በእጅ አትስጡ። አሁንም እንደግማለን፦ በጋራ ሒሳቡ፣ በደረሰኝ። ለውኃ ቦቴው የያዝነው ገንዘብ የሚያደርሰን እስከዚህ ወር መጨረሻ ነው፤ እባካችሁ ከዚያ በፊት ድረሱልን።