ብር አትላክ፣ ሳይክል ገዝቻለሁ

ለውድ ልጄ፣

እንዴት ነህ አባቴ? እኛ ደህና ነን። ኮምቦልቻ ሙቀቷን ጀምራለች።

ይህን የምጽፍልህ በስልክ ስለማታስጨርሰኝ ነው። ባለፈው «በዚህ ዕድሜሽ ሳይክል? ባጃጅ ያዢ እንጂ!» ብለህ ስትስቅ ዝም አልኩህ። የተቀየምኩ መስሎህ ከሆነ አልተቀየምኩም። ገና እያፈላለግሁ ስለነበር ነው። አሁን ገዝቻለሁ። አዲስ ልግዛልሽ ያልከውን ተወውና ብሩን ለቤት ኪራይህ አድርገው።

አንድ ያልነገርኩህ ነገር አለ። አያትህ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሲሠራ ትልቅ ጥቁር ሳይክል ነበረችው። ኮርቻዋ ደረቴ ላይ ይደርስ ነበር። ከሌሊት ፈረቃ ገብቶ ሲተኛ ቀስ ብዬ አወጣታለሁ። የላይኛውን ብረት መሻገር ስለማልችል አንድ እግሬን ከብረቱ ሥር አሾልኬ፣ ወገቤን እንደ ማጭድ አጥፌ ነበር የምነዳት። ሰውነቴ በአንድ ወገን፣ ሳይክሏ በሌላ ወገን። ኋላ እናቴ «አሁንማ ትልቅ ሴት ሆነሻል» አለችና በዚያው አበቃ። 40 ዓመት ሊሆነው ነው።

ሰበቡ ይሄ ጉልበቴ ነው። ሐኪሙ ተንቀሳቀሺ፣ ግን ጉልበትሽ ላይ ክብደት የማይጥል ነገር ይሁን አለኝ። ሳይክል ወይ ዋና። የት ልዋኝ፣ ቦርከና ወንዝ ውስጥ?

መጀመሪያ ያየሁት አዲስ ነበር። ከፊትም ከመሀልም ሞላ ያለው፣ የሚያብረቀርቅ። ስነዳው ግን በረገጥኩ ቁጥር ወረድ ከፍ ይላል፤ ድካሜን ሞላው ይበላዋል። ሲያነሱትም ድንጋይ ነው። ርካሽ ሳይክል ላይ እንዲህ ያለ ጌጥ ሲበዛ ከሌላው ዕቃ ተቆጥቧል ማለት ነው። ተውኩት።

ሁለተኛው ያገለገለ ነው፣ ቀለሙ ግን አዲስ። ከመሪው በታች፣ ብረቶቹ የተበየዱበት ጋ ጣቴን ሳሳልፍ ብረቱ ተሸብሽቧል። ከፊት የሆነ ነገር ገጭቷል ብዬ ጠረጠርኩ። ሻጩ «እማማ፣ ቀለም ነው» አለኝ። ቀለም መሆኑንማ አይቻለሁ።

ለሦስተኛው የሰፈራችንን ሳይክል ጠጋኝ ይዤ ሄድኩ። ልጅ ነው፣ እጁ ግን አዋቂ። ገልብጦ አቆመውና ጎማውን አሽከረከረ። ቸርኬው ከፍሬኑ ላስቲክ ጋር ያለው ክፍተት ሲዞር ይሰፋና ይጠብ እንደሆነ አየ። ደህና ነው። ቀጥሎ ካቴናውን ከፊተኛው ጥርስ ላይ በሁለት ጣቱ ወደ ፊት ሳበው። ካቴናው ከጥርሱ ተላቆ በመሀል ብርሃን ታየ። «አርጅቷል» አለ። በዚህች ብርሃን 1,500 ብር አስቀነስኩ! አዲስ ካቴና ባለቀ ጥርስ ላይ ይዘላል ስላለኝ የኋላውን ጥርስም አብረን ቀየርን።

መሀል ብረቱ ዝቅ ያለ ነው፤ ቀሚሴን ሰብሰብ አድርጌ እሻገራለሁ። ማርሹ 7 ብቻ ነው። ለምመላለስበት ሜዳ ይበቃል። ደሴ ብኖር ግን ያ ሁሉ ዳገት ሌላ ወሬ ነበር።

መንዳቱ አይረሳም የሚሉት እውነት ነው፤ ፍርሃቱን ግን ማንም አልነገረኝም። እሑድ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ፣ ሰው ሳይወጣ ጀመርኩ። ሁለቱም እግሬ መሬት እንዲነካ ብዬ ኮርቻውን ዝቅ አድርጌው ነበር። በሦስተኛው ቀን ጉልበቴ ጮኸ። ለካ ጥፋቱ የኮርቻው ነው። ጠጋኙ «ተረከዝሽን ፔዳሉ ላይ አድርጊ፤ ፔዳሉ ታች ሲደርስ እግርሽ ቀጥ ይበል» ብሎ ከፍ አደረገልኝ። አሁን ስቆም መሬት የምነካው በጣቴ ጫፍ ነው። ያስፈራል። ጉልበቴ ግን ዝም ብሏል።

አንድ ኪሳራ አለብኝ። ሰነፍኩና ጎሚስታ ጋ በመኪናው ማሽን አስነፋሁት። የሚነፋበት አፉ እንደ መኪና ጎማ ስለሆነ ይገጥማል፤ አየሩ ግን በአንድ ጊዜ ነው የሚገባው። ፈነዳ! መንገደኛው ሁሉ ዞረ። ጎማው ጎን ላይ የአየሩ ግፊት ከ65 PSI አይለፍ የሚል ተጽፏል፤ መነጽሬን አላደረግሁም ነበር። አሁን የእጅ መንፊያ ገዝቻለሁ።

ደግሞ አትጨነቅ። በባቲ መንገድ አልወጣም፤ የጂቡቲ ተሳቢ ሲያልፍ ንፋሱ ብቻ ይጥላል። ከደሴ ወደ እኛ በሚያወርደው በሐረጎም ልውረድ አላልኩም፣ አብሽር። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ እኛ 1,850 ገደማ ላይ። ያን ሁሉ ቁልቁለት በእኔ ፍሬን? አላበድኩም።

ጎረቤትማ ምኑን ልንገርህ። ልጆቹ «እማማ፣ ባጃጅ መጣ!» እያሉ ይከተሉኛል። አንዷ ባየችኝ ቁጥር «ወይ ዘንድሮ!» ትላለች። ትናንት ግን እሷው በሯ ላይ አስቆመችኝ። ኮርቻውን ዳበስ ዳበስ አደረገችና፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ስንት ገዛሽው?» አለችኝ።

ለበዓል ስትመጣ ሁለት ጥንድ የፍሬን ላስቲክ ከመርካቶ ይዘህልኝ ና። ፎቶውን በቴሌግራም ልኬልሃለሁ፤ ረጅሙን ነው፣ አጭሩን እንዳታመጣ። መንዳት ከፈለግህ ንዳ። ኮርቻውን ከፍ ካደረግህ ግን ወደ ቦታው መልስልኝ። ልኩ ላይ በሚስማር ጭሬበታለሁ።

እናትህ