ዘጌን መቼ ልይ ላልሽኝ

ልጄ፣

«አባዬ፣ ዘጌን ለማየት ጥሩው ወር የቱ ነው?» ያልሽበትን ድምፅ ሦስት ጊዜ ሰማሁት። ሳልመልስልሽ ሳምንት ያለፈው ሥራ በዝቶብኝ አይደለም፤ ጡረተኛ ምን ሥራ አለው። መልሱ አንድ ወር ስላልሆነብኝ ነው።

አንቺ የምታውቂው የጥርን ዘጌ ነው። ጥምቀትን ባሕር ዳር ውለን በጣና ሐይቅ ላይ በጀልባ ይዤሽ የሄድኩ ጊዜ፣ የዑራ ኪዳነ ምሕረት ገዳምን ሥዕሎች ቀና ብለሽ ስታዪ አንገቴን አመመኝ ያልሽው። ጥር የእንግዳ ወር ነው። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ መንገዱ ደረቅ፣ ከጀልባ መውረጃው ጀምሮ ትንንሽ የደንገል ታንኳ የሚሸጡ ልጆች እየከበቡሽ ትወጫለሽ። ሁለት ሰዓት ቆይተሽ ተመልሰሽ ዘጌን አየሁ ትያለሽ። አትቀየሚኝና፣ አላየሽም።

እኔ ያደግኩት በክረምቱ ዘጌ ነው። ትምህርት ሲዘጋ አባቴ አፋፍ በምትባለው የዘጌ መንደር ወዳለችው አክስቴ ዘንድ ይልከኝ ነበር። ሐምሌ ላይ ጫካው ውስጥ ቀን በቀን ይጨልማል፤ ዝናቡ ቆሞም ቅጠሉ ሲያንጠባጥብ ይውላል። እዚያ በሬ የለም፣ ማረሻ የለም። የዘጌው ጻድቅ አቡነ በትረ ማርያም ዘንጋቸውን ለሦስት ሰብረው ቢተክሉት ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ሆነላቸው፣ ስለዚህ ሳታርሱ ከብትም ሳታረቡ ኑሩ ተብለናል ይላሉ። ደኑ እስከ ዛሬ የቆየው በዚህ እምነት ይመስለኛል፤ ዙሪያውን ያለው አገር ተመንጥሮ እያየሽ ሌላ ምክንያት ፈልጊ ብትባይ ይቸግርሻል። ችግሩ ግን ጤፉ ከውጭ ተገዝቶ መምጣቱ ነው። ቡናው ገና አረንጓዴ፣ እህሉ ውድ፣ አክስቴ ነሐሴ ላይ እንጀራ ስትቆርስ እጇ ይቆጥብ ነበር። ይህን ማንም አስጎብኚ አይነግርሽም።

መስከረምና ጥቅምት ሐይቁ ጢም ይላል። ሰኔ መግቢያ ላይ ደረቅ የነበረው ዳርቻ ውኃ ውስጥ ይገባል፤ ልዩነቱ ከአንድ ሜትር በላይ ነው። እንቦጭ የሚሉትን የውኃ አረም በዜና ሰምተሽ ይሆናል። ከ2004 ዓ.ም ገደማ ጀምሮ ጣናን ያስጨነቀው እሱ፣ ይበልጥ የጎዳው የሰሜን ምሥራቁን ዳር ነው፤ ግን ነፋስ የሚገፋው ነገር ስለሆነ ዘጌ አይደርስም ብዬ አልምልልሽም። ደግሞ ጀልባ የምትይዢ ከሆነ በጠዋት፣ 1 ሰዓት ላይ ተነሺ። ጣና ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ቢያልፍም ጥልቀቱ 15 ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ ጥልቅ ስላልሆነ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ቶሎ ይቆጣል። አንዴ እናትሽ ከሰዓት ተሳፍራ ያን ቀን የተሳለችውን ስለት እስካሁን ከፍላ አልጨረሰችም።

ከኅዳር ጀምሮ የቡና ለቀማ ነው። ያኔ ብትመጪ የሚያናግርሽ ሰው አታገኚም፤ ሁሉም ዛፍ ሥር ነው። ጦጣዎቹ ብቻ ሥራ ፈት ናቸው፣ እነሱም ቢሆኑ ቀይ ቀዩን እየመረጡ ይለቅማሉ። ግቢው ሁሉ ጀንፈል፣ ማለትም ከነገለባው የሚደርቅ ቡና፣ ተሰጥቶበት፣ ለማለፍ እንኳ እግርሽን የት እንደምታሳርፊ ይጨንቅሻል። ሽታው እንደ ጠላ ጥንስስ ነገር ነው፤ ወይ ትወጂዋለሽ ወይ አፍንጫሽን ትይዣለሽ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። እኔ ብሆን የምመጣው ማንም በማይመክረው ጊዜ፣ መጋቢት ሚያዝያ ላይ ነው። ሐይቁ ይሸሻል፣ ሙቀቱ ይከብዳል፣ አቧራ አለ። ግን የመጀመሪያው ደህና ዝናብ ከጣለ ከስምንት ከአሥር ቀን በኋላ፣ ጨጎጎት የመሰለው ቡና በአንድ ሌሊት ነጭ ይለብሳል። ዋንዛው ሥር፣ ከላይ እስከ ታች፣ ቅርንጫፉ ሁሉ። ሽታው ገና ጀልባው ሳይደርስ ይቀበልሻል። ሁለት ሦስት ቀን ነው፣ ከዚያ አበባው ይጠወልግና መሬቱ ላይ ይበተናል። በዕድሜዬ በቀኑ የደረስኩት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ አንዱን ጊዜ አክስቴ በሩ ላይ ቆማ «ዘንድሮ እንኳ ደረስክ» አለችኝ። በዓመቱ አረፈች።

ስለዚህ ወሩን ልነግርሽ አልችልም። ፈቃድሽን ሳትጨርሺ ጥቂት ቀን አስቀምጪልኝ። እኔ አፋፍ ላለው ያክስቴ ልጅ ዝናቡ ሲጥል ደውል ብዬዋለሁ፤ መንገዱንም ሰላም መሆኑን አብሮ ይጠይቅልናል። እሱ ለኔ ይደውላል፣ እኔ ላንቺ። ከዚያ ስምንት ቀን አለሽ። ነጩን ጫማሽን ግን እዚያው አዲስ አበባ ተይው።

አባትሽ