ለልጄ፣ ስለ ወንድምሽ ሐዘን

መሐል ሜዳ

ውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ጎረቤቱም የእድሩም ሰው አልተለየኝም። ወንድምሽ ቀን ኳስ ሲጫወት ውሎ ማታ ተሸፋፍኖ እንደሚያለቅስ፣ በማግስቱ ደግሞ በትንሽ በትልቁ እንደሚቆጣሽ ስትነግሪኝ «አባቱን ረሳው እንዴ?» ያልሽው ሲከነክነኝ አደረ።

አልረሳም። በእሱ ዕድሜ ሐዘን እንዲህ ነው፤ ጥቂት ያዝንና ወደ ጨዋታው ይሸሻል፣ ትንፋሹን ሰብስቦ እንደገና ይመለሳል። በጤና ጣቢያ ሥራዬም የማየው ይህንኑ ነው። ወላጅ የሞተባቸው ልጆች «አዘንኩ» ብለው አይመጡም፤ ሆዴን ቆረጠኝ፣ ራሴን አመመኝ፣ እንቅልፍ አጣሁ ብለው ነው የሚመጡት። ቁጣውም ያው ሐዘኑ ነው እንጂ አንቺን መጥላት አይደለም። ኳሱን አትከልክዪው። ሲያለቅስም «ወንድ ልጅ አይደለህም ወይ» አትበዪው፤ በለቅሶው ሰሞን ስንቱ ሰው ይህን ቃል እንደጫነበት ሳስብ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

የአገራችን የሐዘን ሥርዓት ትልቅ ጥበብ አለው። ድንኳኑ፣ ንፍሮው፣ ከሠልስት እስከ 40፣ ከ80 እስከ ሙት ዓመት ያለው ቀጠሮ ሐዘንተኛውን ለብቻው አይተወውም። ልጁን ግን ወይ ጎረቤት ቤት ይሰዱታል፣ ወይ ውኃ አቅርብ፣ ወንበር አምጣ እያሉ ያሯሩጡታል። አጠገቡ ተቀምጦ «አንተስ እንዴት ነህ?» የሚለው የለም። ስለዚህ ለ80ው ስትመጡ እሱም ድርሻ ይኑረው፤ ጧፉን ያብራ፣ ለነዳያን ዳቦውን በእጁ ይስጥ። ካልፈለገ አታስገድጂው።

ባለፈው ሊሄድ ሲል የአባቱን በርኖስ አውርዶ ፊቱን ቀብሮበት ቆየና መልሶ ሰቀለው። ዘመዶች ልብሱን ለድሃ እንስጥ ሲሉ «በርኖሱ ይቆይ» ያልኩት ለዚህ ነው። ከፈለገ ይውሰደው፤ ለደብረ ብርሃን ብርድም ይሆነዋል።

የአባቱን ስም እየጠራሽ አጫውቺው። እኛ ቁስሉን እንዳንነካ ብለን ዝም ስንል፣ ልጁ ማውራት ክልክል ይመስለዋል። ልጆች ደግሞ «እኔ ስላስቸገርኩት ነው የሞተው» ብለው ራሳቸውን ይከስሳሉ፤ ካልተጠየቁ አይናገሩትም። አባቱን የገደለው የልብ ሕመም እንደሆነ በግልጽ ንገሪው።

«ከአባዬ ጋር ብሆን ይሻለኛል» ቢል ወይም ዕቃውን ለሰው ማደል ቢጀምር ግን ለብቻው አትተዪው። ራስህን ለማጥፋት አስበሃል ወይ ብለሽ በቀጥታ ጠይቂው፤ መጠየቅ ያላሰበውን አያሳስበውም። በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ውሰጂው፣ ለእኔም ደውዪ። ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች መዝገብ ከ6 ወር በላይ የዘለቀና ኑሮን ያሰናከለ ብርቱ ሐዘንን ሕክምና ከሚሹት ሕመሞች ጋር አስፍሮታል። 6 ወር ማለት የእኛው መንፈቅ ነው። ራሱን የማጥፋት ሐሳብ ምልክት ካየን ግን መንፈቁን አንጠብቅም።

አንቺም የሞተብሽ አባትሽ ነው። እሱን ላበርታ ብለሽ እንባሽን አትዋጪ፤ አብራችሁ ብታለቅሱ አይጎዳውም። እናቱ እኔ አለሁ፣ አንቺ እህቱ ሁኚ።

ሰኞ ሄደሽ ለክፍል ኃላፊ መምህሩ ሐዘኑን ንገሪ፤ ውጤቱ ቢቀንስ እንዳይቆጡት። ለ80ው ቅዳሜ በጠዋት ተነሡ እንጂ ዓርብ ከትምህርት በኋላ አትነሡ፤ ጣርማ በር ሲመሽ ጉሙ መንገድ አያሳይም።

እናትሽ