ጎንደር መዋኛ ስትሠራ ፋሲልን ትመልከት

ክቡር አዘጋጅ፣

ስለ ሕዝብ መዋኛና መዝናኛ በተነሣ ቁጥር ብዙዎች የሚመኙት መስታወት ለብሶ የሚያብረቀርቅ ሕንፃ ነው። ለጎንደር ይህ አይሆናትም። የፋሲለደስን መዋኛ ዙሩና እዩት፤ ከቀሃ ወንዝ በቦይ የሚመጣ ውኃ፣ በድንጋይና በኖራ የታነጸ ግንብ፣ የዛፍ ሥሮች እንደ ጣት ጨምድደው የያዙት አጥር። ለጥምቀት ይሞላል፤ ውኃው ሲባረክ ወጣቱ እየዘለለ ይገባበታል። ልጆቻችን ግን ዓመቱን ሙሉ ዋና የሚማሩበት ስፍራ ያስፈልጋቸዋል።

ንድፍ የምታወጡ ባለሙያዎች ሆይ፣ እባካችሁ ከውኃው ጀምሩ። 50 ሜትር ርዝመት፣ 25 ሜትር ስፋትና 2 ሜትር ጥልቀት ያለው ገንዳ 2.5 ሚሊዮን ሊትር ይፈልጋል። እናቶች ጀሪካን ይዘው ተራ በሚጠብቁበት ከተማ ይህ ከባድ ነው። የ25 ሜትር ገንዳ ይበቃናል፤ ውኃው እየተጣራ ይመላለስ፣ ጣሪያው የክረምቱን ዝናብ ያጠራቅም። የሴቶች ልብስ መቀየሪያ ከዓይን የተከለለ፣ የሕፃናቱ ገንዳም ከወላጆች መቀመጫ ፊት ለፊት ይሁን። ደረጃ ብቻ ሠርታችሁም በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄደውን ወገን ደጅ አታስቀሩት።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንድ ነዋሪ፣ ከጎንደር