የፕሮግራማችንን ቅንብሮች በአንድ ቦታ ስለማስተዳደር
ለተከበራችሁ የቱሉ ዲምቱ የፕሮግራመሮች ቡድን አባላት፣

ባለፈው ቅዳሜ መብራት ጠፍቶ ከተመለሰ በኋላ የዕቁብ መመዝገቢያ ፕሮግራማችን ከሙከራው ዳታቤዝ ጋር ተገናኝቶ ግማሽ ቀን ሙሉ እንደሠራ ታስታውሳላችሁ። ምክንያቱን ስፈትሽ የዳታቤዙ አድራሻ በአራት ፋይሎች ተበታትኖ፣ በአንደኛው ደግሞ አድራሻው ሲታጣ ፕሮግራሙ ምንም ሳይናገር ወደ ሙከራው እንዲዞር ተደርጎ አገኘሁት።

ስለዚህ ቅንብሮቻችንን በሙሉ ፓይዳንቲክ ሴቲንግስ ወደተባለው የፓይተን ላይብረሪ እንድናዛውር አጥብቄ እጠይቃለሁ። እ.ኤ.አ. በ2023 ከዳታ ማረጋገጫው ላይብረሪ ከፓይዳንቲክ ሁለተኛ ስሪት ጋር ለብቻው ፓኬጅ ሆኖ የወጣው ይህ ላይብረሪ ቅንብሮችን ከኢንቫይሮንመንት ቫሪያብል (ከኮዱ ውጭ ለፕሮግራሙ ከሚሰጡ እሴቶች) እና ከዶት ኢኤንቪ ፋይል (እነዚህን እሴቶች ከሚይዝ የጽሑፍ ፋይል) ያነባል፤ ሁለቱም ዘንድ ከተገኘ የኢንቫይሮንመንቱን ይመርጣል፤ የግድ የሚያስፈልግ ነገር ከጎደለም ስሙን ጠቅሶ ገና ከመነሻው ያቆመናል።

ለእኔ ትልቁ ጥቅሙ የእያንዳንዱን ቅንብር የዳታ ዓይነት (ቁጥር፣ ጽሑፍ፣ እውነት ወይም ሐሰት) ማረጋገጡ ነው። ፓይተን ከኢንቫይሮንመንት የሚያነበው ሁሉ ጽሑፍ በመሆኑ፣ «ፎልስ» (ሐሰት) ብለን የጻፍነውን ወደ እውነት ወይም ሐሰት በሚቀይረው በ«ቡል» ስንለውጠው፣ ባዶ ያልሆነ ጽሑፍ ሁሉ እንደ እውነት ስለሚቆጠር «ትሩ» ሆኖ ይመለሳል፤ የስህተት መፈለጊያ ገጻችን ለሁሉም ክፍት ሆኖ የቆየው በዚሁ ነበር። ፓይዳንቲክ ግን ቃሉን በትክክል ይተረጉመዋል።

የይለፍ ቃሎችን «ሴክሬት ስትር» በተባለው የፓይዳንቲክ የምስጢር ጽሑፍ ዓይነት መድቧቸው፤ ሎግ (የፕሮግራሙ የሥራ መዝገብ) ላይ ሲታተሙ በኮከብ ምልክት ይሸፈናሉ። የዶት ኢኤንቪ ፋይልን የኮድ ለውጦችን ታሪክ በሚይዘው ጊት ውስጥ ያስገባችሁ ካላችሁ፣ ፋይሉ ቢሰረዝም በታሪኩ ውስጥ ስለሚቀር፣ እባካችሁ የይለፍ ቃሉን ዛሬውኑ ቀይሩት።